ከግንቡ ይልቅ ለሥራው

ለሆስፒታል መርጃ ገንዘብ እንዲያዋጣ የተጠየቀ ነጋዴ ዘወትር አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ሊሠራበት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወጥቶ ወርዶ ያገኘውን ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሊያውቅ ይገባዋል። ነገር ግን ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግንብ ነው፤ አዲስ ክፍል፥ አዲስ ፎቅ፥ በደጃፉም ላይ የለጋሾች ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ። ግንቡ ተመርቆ ሪባኑ ከተቈረጠ በኋላ በውስጡ ማን ይሠራል፥ በምን ደመወዝ ይሠራል፥ መሣሪያው ሲሰበር ማን ይጠግነዋል፥ ሐኪሙስ ከማን ጋር ይመካከራል የሚለው ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

በዚህ ነገር ላይ፥ በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ የሚገኘው የነርቭ ሕክምና ኢንስቲትዩት ታሪክ የንግድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነው። ታሪኩ የሐኪሞች ታሪክ ቢሆንም፥ የሒሳብ መዝገብ ማገላበጥ ለለመደ ሰው ከሐኪሙ ባላነሰ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከመቶ ዓመት በፊት አንጎሉን የታመመ ሰው የሚያገኘው እርዳታ በየቦታው የተበታተነ ነበር። በሽታውን ከምልክቱ የሚለየው ሐኪም በአንድ ወገን፥ ቢላ የሚይዘው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሌላ ወገን፥ የአንጎልን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሊቅ ደግሞ ከሁለቱም ርቆ በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ይቀመጥ ነበር። አንዱ ያገኘው ዕውቀት ወደ ሌላው የሚደርሰው ከብዙ ወራት በኋላ በመጽሔት ታትሞ ነው፤ ያውም ከደረሰ። በሽተኛው ግን ወራት የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም።

ይህን ክፍተት ከሁሉ አብልጠው የተረዱት ዶክተር ዋይልደር ፔንፊልድ ናቸው። ፔንፊልድ በ1891 ዓመት በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ተወልደው፥ በኦክስፎርድ በታወቁት የነርቭ ሊቅ በሰር ቻርልስ ሸሪንግተን ዘንድ የተማሩ፥ ኋላም የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ሥራቸው ያደረጉ ሰው ነበሩ። በ1928 ዓመት ከባልደረባቸው ከዶክተር ዊልያም ኮን ጋር ሆነው ሥራቸውን ወደ ሞንትሪያል አዛወሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እኅታቸው ሩት በአንጎሏ ውስጥ ዕጢ ተገኘባት። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ወንድሟ ራሳቸው ናቸው። ዕጢው ግን ሥር ሰድዶ ነበርና ሁሉንም ማውጣት አልተቻለም። ሩት ወደ ልጆቿ ተመልሳ ጥቂት ጊዜ በደኅና ከኖረች በኋላ በሽታው አገርሽቶባት በ1931 ዓመት ዐረፈች። ፔንፊልድ ከዚህ ኀዘን ያተረፉት ትምህርት፥ የሠለጠነ እጅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ዕጢው ምን እንደ ሆነ፥ ስለ ምን እንደሚያገረሽ የሚመረምር ሰው፥ ቀዶ ሕክምናው ከሚደረግበት ክፍል በር ላይ ሊገኝ ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህም ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ቤት እንዲቋቋም ገንዘብ መለመን ጀመሩ። ያነጋገሩትም የሮክፌለር ፋውንዴሽንን ነው፤ ይኸውም በነዳጅ ዘይት ንግድ የከበሩት ጆን ሮክፌለር የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ልመናው ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ የድርጅቱ የሕክምና ክፍል ኀላፊ የነበሩት ዶክተር አለን ግሬግ ነገሩን ተቀብለውት በ1932 ዓመት 1,232,652 ዶላር ተፈቀደ።

የንግድ ሰው ዐይኑን ሊጥልበት የሚገባው ስፍራ ይህ ነው። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ለግንቡና ለመሣሪያው የተመደበው 232,652 ዶላር ብቻ ነበር። የቀረው 1,000,000 ዶላር፥ ማለት ከመቶው ሰማንያ አንድ ያህሉ፥ ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ በሚያስገኘው ገቢ የምርምሩ ሥራ እንዲካሄድበት በቋሚነት የተቀመጠ ነው። የኩቤክ ክፍለ ግዛት መንግሥትና የሞንትሪያል ከተማ ደግሞ ለበሽተኞቹ መርጃ የየበኩላቸውን ሰጡ፤ የከተማው ባለጸጎችም አዋጡ። ያ ዘመን ዓለም በንግድ መቀዝቀዝ የተጨነቀበት፥ ባንኮች የሚዘጉበት ዘመን መሆኑን ማስታወስ ያሻል። በእንዲያ ያለ ጊዜ ከአምስት እጅ አራቱን ለማይታየው ለነገው ሥራ አስቀምጦ አንዱን እጅ ብቻ ለሚታየው ድንጋይ ማዋል፥ ድፍረትም ጥንቃቄም ይጠይቃል። ዘንድሮ ያገኘውን ሁሉ በሱቁ መስኮትና በቀለሙ ላይ አፍስሶ ለከርሞ ዕቃ መግዣ ያጣ ባለሱቅ ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ የለም።

ኢንስቲትዩቱ በመስከረም ወር 1934 ዓመት ተከፈተ። እስከ 2015 ዓመት ከፊት ለፊቱ ከነበረው ከሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል ጋር ከመንገዱ በላይ በተዘረጋ ድልድይ ተያይዞ ነበር። በዚያ ድልድይ በሽተኛው ወደ ምርምሩ ቤት፥ ሐኪሙም ወደ በሽተኛው ይመላለሱበት ነበር።

ኢንስቲትዩቱ እጅግ የታወቀበት ሥራ የሚጥል በሽታ ሕክምና ነው። በሽታው በብዙ ሰው ላይ በመድኃኒት የሚገታ ሲሆን፥ መድኃኒት ባልረዳቸው ላይ ግን የሁከቱ መነሻ በአንጎል ውስጥ አንድ ስፍራ ሆኖ ከተገኘ፥ ያን ስፍራ ለይቶ በማውጣት ሊድኑ የሚችሉ አሉ። ችግሩ ከሚወጣው ሥጋ አጠገብ ያለው ሥጋ ምን እንደሚሠራ ማወቁ ላይ ነበር። በአንዲት ጣት ስፋት ስሕተት ሰውየው ንግግሩን ወይም የእጁን ኀይል ሊያጣ ይችላል። ፔንፊልድ ከጀርመናዊው ሐኪም ከኦትፍሪድ ፎርስተር የተማሩትን ዘዴ አሻሽለው እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ በሽተኛው እንደ ነቃ ይተኛል፤ የራሱ ቆዳ ብቻ በማደንዘዣ ይደነዝዛል፤ አንጎል ራሱ ሲነካ ሕመም አይሰማውምና ሐኪሙ በቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ እየነካካ በሽተኛውን ይጠይቀዋል። አንዱን ስፍራ ሲነካ አውራ ጣቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላውን ሲነካ ምላሱን ይነዝረዋል፤ ሦስተኛውን ሲነካ በሥዕል የታየውን ዕቃ ስም ሊጠራ ሲል ቃል ይጠፋበታል። በየተነካው ስፍራ ላይ ቍጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ትቀመጣለች፤ የታየውና የተነገረው ሁሉ ከቍጥሩ ጋር ይመዘገባል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል።

በዚህ አሠራር አንድ ሥራ ሁለት ፍሬ ያፈራ ነበር። በዚያች ሰዓት በገበታው ላይ የተኛው በሽተኛ ንግግሩና እጁ ይጠበቅለታል። መዝገቡ ደግሞ ከሌሎች በሽተኞች መዝገብ ጋር ተደምሮ፥ የሰው ልጅ አንጎል የትኛው ክፍሉ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚያዝ የሚያሳየውን ካርታ አስገኘ። ፔንፊልድና ባልደረባቸው ኤድዊን ቦልድሪ ይህን በ1937 ዓመት አሳተሙ፤ የዓለም የሕክምና ተማሪዎችም ካርታውን ይማሩታል። ስለ ታላላቅ ሐኪሞች ሲወራ የመዝገቡ ሥራ ይዘነጋል እንጂ፥ ያ ቍጥርና ያ ጽሕፈት ባይኖር ኖሮ የፔንፊልድ እጅ ጥበብ ከፔንፊልድ ጋር በተቀበረ ነበር።

በ1938 ዓመት ደግሞ ኸርበርት ጃስፐር ከአሜሪካ መጥተው ከኢንስቲትዩቱ ጋር ተጨመሩ። ጃስፐር የቀዶ ሕክምና ሐኪም አልነበሩም፤ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በወረቀት ላይ የሚጽፈው መሣሪያ ሊቅ ነበሩ። መሣሪያቸው ሁከቱ ከየት እንደሚነሣ ለቀዶ ሐኪሙ ይጠቍመዋል፤ ቀዶ ሐኪሙም አንጎሉን ከፍቶ ሲያይ መሣሪያው እውነት መናገሩን ወይም መሳሳቱን ለጃስፐር ያረጋግጥላቸዋል። ሁለቱ በ1954 ዓመት ስለ ሚጥል በሽታና ስለ አንጎል ሥራ በአንድነት ያሳተሙት መጽሐፍ የዚህ መተራረም ውጤት ነው። ጃስፐር በኋላም በ1961 ዓመት የዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነዋል፤ ያም የምሥራቁና የምዕራቡ መንግሥታት እርስ በርሳቸው በተፈራሩበት ዘመን የሁለቱን ወገን ሊቃውንት አብሮ ያስቀመጠ ነበር።

መተባበር ግን ትርፍን ብቻ በመከፋፈል አይለካም። ጕዳትንም ገልጦ መናገር ይገባበታል፤ እዚህ ላይ የሞንትሪያሉ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሆነውን ምዕራፉን ያሳያል። ትውልዷ እንግሊዛዊት የሆነችው የሥነ ልቡና ሊቅ ብሬንዳ ሚልነር በ1950 ዓመት የፔንፊልድን በሽተኞች መመርመር ጀመረች። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎላቸው ክፍል በአንድ ወገን ከተቀነሰ በኋላ ያልታሰበ ነገር ደረሰባቸው፤ አዲስ ነገር በልባቸው ይዘው ማቆየት ተሳናቸው። ፔንፊልድና ሚልነር ይህን አልሸሸጉም፤ በ1955 ዓመት በሐኪሞች ጉባኤ ላይ በግልጽ ተናገሩት። በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ የሚሠሩት ዶክተር ዊልያም ስኮቪል ይህን ባነበቡ ጊዜ፥ እርሳቸውም እንዲህ ያለ በሽተኛ እንዳላቸው ለሞንትሪያል አስታወቁ። በሽተኛው ሄንሪ ሞላይሰን ይባላል፤ በ1953 ዓመት በሃያ ሰባት ዓመቱ ስኮቪል የሚጥል በሽታውን ለማዳን ከአንጎሉ በሁለቱም ወገን ሥጋ አውጥተውለት ነበር። የሚጥለው በሽታ ቀነሰለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያገኘውን ሰው፥ የሚበላውን ምሳ፥ የሚያነበውን ጋዜጣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሊያስታውስ አልቻለም።

ሚልነር በባቡር ወደ ሃርትፎርድ እየተመላለሰች መረመረችው። በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። በየቀኑ ሥራውን ከዚህ በፊት ከቶ እንዳላየው ይናገር ነበር፤ እጁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተሻለው ሄደ። በዚህም የሰው ትዝታ አንድ ዐይነት ብቻ አለመሆኑ፥ የእጅ ልምድ የሚቀመጥበትና የነገር ትዝታ የሚቀመጥበት ስፍራ የተለያየ መሆኑ ታወቀ። ስኮቪልና ሚልነር በ1957 ዓመት ጕዳዩን በጋራ ሲያሳትሙ፥ እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና በሁለቱም ወገን እንዳይደረግ ሌሎችን ሐኪሞች አስጠነቀቁ። ሞላይሰን በ2008 ዓመት እስኪሞት ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሲመረመር ኖረ፤ እርሱ ራሱ ያተረፈው ጥቂት ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ከዚያ ዕጣ ተረፉ። ከሸጠው ጆንያ ውስጥ የበሰበሰ መገኘቱን ለገዢው አስቀድሞ የሚናገር ነጋዴ ብርቅ ነው። በራሱ እጅ የደረሰውን ጕዳት በስሙ አሳትሞ የሚያስጠነቅቅ ሐኪምም ከዚያ ያነሰ ብርቅ አይደለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣ፥ ኢንስቲትዩቱ በ2016 ዓመት ነጋዴን ሁሉ የሚያስደንቅ ውሳኔ አደረገ። የምርምሩን ውጤት፥ መረጃውንና በሽተኞቹ ፈቅደው የሰጡትን የደምና የሥጋ ናሙና ለዓለም ተመራማሪዎች ክፍት እንደሚያደርግ፥ በግኝቶቹም ላይ የፓተንት መብት እንደማይጠይቅ አስታወቀ። የበሽተኛው ምስጢር ይጠበቃል፤ ናሙና መስጠት ያልፈለገ በሽተኛም ሕክምናው አይጓደልበትም። ለዚህ ሥራ 20 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የሰጡት በካናዳ የታወቁት ነጋዴ ላሪ ታነንባውምና ባለቤታቸው ጁዲ ናቸው። ገንዘቡ ለዚሁ ለክፍት ምርምር አሠራር ማቋቋሚያ የዋለ ነው።

አስተዋይ ነጋዴ እዚህ ላይ ተቃውሞ ማንሣቱ አይቀርም። «የደከመበትን ለሁሉ በነጻ የሚበትን ሰው ነገ በምን ይበላል?» ይላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ በብዙ የንግድ ዘርፍም ትክክል ነው። ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው የአቈላል ዘዴውን ለጎረቤቱ ሊያስተምር አይገደድም። ነገር ግን የአንጎል በሽታ መድኃኒት ፍለጋ እንዲህ ያለ ንግድ አይደለም። ወጪው እጅግ የከበደ፥ ጊዜው የረዘመ፥ ከሚሞከረውም አብዛኛው የሚወድቅ ነው። ለዚህም ማስረጃው የታላላቆቹ የመድኃኒት ኩባንያዎች አካሄድ ነው። በ2010 ዓመት ግላክሶስሚዝክላይንና አስትራዜኔካ፥ በ2018 ዓመትም ፋይዘር በአንጎል በሽታዎች ላይ ያካሂዱት ከነበረው ምርምር ብዙውን ክፍል መዝጋታቸውን አስታውቀዋል። እንዲህ ያለ ካፒታል ያላቸው ቤቶች ብቻቸውን የሸሹትን ኪሳራ፥ አንድ ተቋም ምስጢር ይዞ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም።

የጥንት የሲራራ ነጋዴ ይህን ነገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቀው ነበር። ከመሐል አገር ወደ ባሕር ወደብ ሲወርድ ሽፍታው፥ ውሃ ጥሙና የኬላው ብዛት ለአንድ ሰው አይቻልምና፥ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ በአንድ ነጋድራስ ሥር ሆነው አብረው ይጓዙ ነበር። ውሃ ያለበትን ስፍራ አንዱ ከሌላው አይሸሽግም። ገበያ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ጭነት በየራሱ ዋጋ ይሸጣል። የሞንትሪያሉ ውሳኔም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ክፍት የሆነው መንገዱ ነው። ኢንስቲትዩቱ የገለጠውን ዕውቀት ይዞ መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያ የሠራውን በራሱ ስም አስመዝግቦ መሸጥ አልተከለከለም።

ክፍት መሆኑ ለሩቅ አገርም ይተርፋል። በ2013 ዓመት የሞንትሪያል ሊቃውንት በጀርመን አገር ከዩሊሽ የምርምር ማእከል ሊቃውንት ጋር ሆነው የአንዲት የሞተች የ65 ዓመት ሴት አንጎል ከ7,400 በላይ በሆኑ ስስ ቅጠሎች ተከፍሎ የተሠራውን ሥዕል አወጡ። ይህ ሥዕል ለማናቸውም አገር ተመራማሪ በነጻ የሚገኝ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚማር ወጣት ሐኪምም ያለ አንድ ሳንቲም ሊያየው ይችላል። ተራራ አቋርጦ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ ጉምሩክ ሳይከፈልበት የሚገባ ዕቃ ቢኖር ይህ ነው።

በኢትዮጵያም መተባበሩ ያለ ምሳሌ አይደለም። በ2006 ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፥ ከኖርዌይ ከበርገን ዩኒቨርሲቲና ኮሪያውያን ባቋቋሙት በምዩንግሰንግ ሆስፒታል ከሚሠሩ ሐኪሞች ጋር በመተባበር የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ተጀምሯል። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ይህ ሥልጠና የተጀመረው በአዲስ ግንብ አይደለም፤ ሰዎች በመመላለሳቸው፥ አንዱ ሌላውን በማስተማሩ ነው።

እንግዲህ የንግድ ሰው ለዚህ ሙያ ገንዘብ ስጥ ተብሎ ሲጠየቅ የሮክፌለርን ክፍፍል ሊያስታውስ ይገባል። ግንብ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዝናብ በሚገባበት ክፍል ቀዶ ሕክምና አይደረግም። ነገር ግን ለግንቡ ከሚሰጠው ብር አጠገብ፥ ዋናው የማይነካ፥ በየዓመቱ ገቢው ለሥራው የሚውል ገንዘብ እንዲቀመጥ መጠየቅ የለጋሹ መብት ነው። ከዚያ ገቢ የበሽተኞቹን መዝገብ በሥርዐት የሚይዝ ጸሐፊ ይቀጠራል፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛው ወደ ሌላ ሥራ ሳይኮበልል ይቀመጣል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከገጠር ሲመጣ ያለፈው ዓመት ምርመራው ፈልጎ የሚያገኝለት ሰው ይኖራል።

የሕክምና መሣሪያ የሚያስመጡት ነጋዴዎች ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ በሙያቸው የሚረዱበት መንገድ አላቸው። የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግብ መሣሪያ ለመሸጥ ፕሮፎርማ የሚያቀርብ አስመጪ፥ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር በራስ ላይ የሚለጠፉትን ሽቦዎች፥ የአምስት ዓመት መለዋወጫውን፥ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው የሚያሠለጥንበትንም ዋጋ ለይቶ ቢጽፍ፥ ገዢው ሆስፒታል የሁለት ሻጮችን ዋጋ በእውነት ሊያመዛዝን ይችላል። ዋጋው በመጀመሪያ እይታ ከተፎካካሪው ከፍ ብሎ መታየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ይህ አጻጻፍ ለሁሉም አስመጪ አንድ ዐይነት እንዲሆን የዘርፉ ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበው ቢስማሙበት፥ ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።